የጋጋሪው አፍንጫ

ዳቦ ጋጋሪውን በስሙ የሚጠራው ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ትንሹም ትልቁም «አፍንጫ» ነው የሚለው። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ማዕረግ ነበር። ሌላው ጋጋሪ ምድጃ እየከፈተ፣ ዳቦ እየገላበጠ፣ ሰዓት እያየ የሚሠራውን ሥራ እሱ በር ላይ ቆሞ ከባለታክሲው ጋር እያወራ ይሠራዋል። ወሬው በጋለበት መሀል ድንገት «ደረሰ!» ብሎ ወደ ውስጥ ይሮጣል፤ ደርሶም ያገኘዋል። አንዴ ሁለት ቤት አልፎ የሚያር ድስት ሸትቶት፣ በር ደብድቦ እንቅልፍ የጣላትን ጎረቤት ቀስቅሷል። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ስታየው ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች።

ይህ አፍንጫ ታዲያ አንድ ቀን ሥራ አቆመ።

ነገሩ ጉንፋን ነበር። አልጋ ላይ ጥሎት ከረመ። ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ጉልበቱም ተመለሰ፤ ሽታ ግን አብሮ አልተመለሰም። ሳሙና አሸተተ፤ ምንም። ሽንኩርት ለሁለት ከፍሎ አሸተተ፤ ዓይኑ አለቀሰ እንጂ አፍንጫው ወይ ፍንክች። ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙም በመብራት ውስጡን ሲበረብር ቆየና «ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል» አለው። ይህንንማ ማንም መንገደኛ ይለዋል።

ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱም ጭምር። ማሽተት የማይችል «አፍንጫ» የሰፈር መሳቂያ እንደሚሆን ያውቃል። ግን ሆዱን የበላው ይህ ብቻ አልነበረም። ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ እየገባ ነበር። ይህ ሰው ደግሞ የሕፃን አናት ሽታ ከትኩስ ዳቦ ሽታ ይበልጥብኛል የሚል ሰው ነው። ልጅቷ ካረገዘች ወዲህ በር ላይ ለቆመው ሁሉ «የልጅ ልጄን ራስ ላሽትት እንጂ ከዚያ ወዲያ የመጣው ይምጣ» ሲል ነው የከረመው። አሁን በየማለዳው እርሾው ካደረበት ባልዲ ላይ ጎንበስ ብሎ በረጅሙ ይስባል። ምንም። «እባክህ ፈጣሪዬ፣ ልጅቷ ሳትገላገል» ብሎ ይለምንና ሊጡን ማቡካት ይጀምራል።

ሚስቱ ባንኮኒው ላይ ሆና ዳቦ ትሸጣለች። ቃል ከአፏ የሚወጣው በጉልበት ነው። «እንዴት አደርሽ?» ሲሏት «ደህና»፤ «ልጅሽስ?» ሲሏት «ደህና»፤ «ዝናቡስ እንዴት ነው?» ቢሏትም «ደህና»። ባሏ አንዳንዴ ሲጨንቀው «አንቺ ሰው፣ እስቲ አንድ ነገር አውሪ» ይላታል። እሷም «ዝም አይነቅዝም» ብላ ዳቦዋን ትደረድራለች። በቀን ከምትናገረው ሁሉ ረጅሙ ይኸው ነው።

ምድጃቸው የሚሠራው በናፍታ ነው። ናፍታው የሚቀመጥበት ቆርቆሮና የትሪ ዘይት የሚቀመጥበት ቆርቆሮ ደግሞ ቁርጥ መንታ ናቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚለይ ምልክት የላቸውም። ሌላ ዳቦ ቤት ቢሆን አንዱን ቀለም ይቀቡት ነበር። እዚህ ግን አፍንጫ እያለ ቀለም ምን ያደርጋል ተብሎ ስንት ዘመን እንዲሁ ኖሩ። አንድ ቀን ማለዳ ጋጋሪው የናፍታውን ቆርቆሮ የዘይቱ መስሎት አነሣ፤ ትሪውንም በዚያው ቀባ።

ዳቦው ሲወጣ መልኩ የሚያስጎመጅ ነበር። ሚስቱ ልጃቸው ዘንድ አድራ ገና ስላልመጣች ራሱ ባንኮኒው ላይ ቆሞ መሸጥ ጀመረ። የመጀመሪያውን ዳቦ የገዛው ባለታክሲው መኪናው ውስጥ ሆኖ አንዴ ገመጠና ወዲያው ተመለሰ።

«ጋሽ አፍንጫ፣ ይኼን እኔ ልብላው ወይስ መኪናዬ ትጠጣው?»

የተሰለፈው ሰው በሳቅ ፈነዳ። ጋጋሪው ግራ ገባው። የተገመጠውን ዳቦ ተቀበለና በሰው ሁሉ ፊት አፍንጫው ላይ አስጠግቶ አሸተተ።

«ምን ሆነ ታዲያ? እንደ ወትሮው አይደል እንዴ?» አለ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ዳቦው ከተገመጠ ወዲህ ናፍታው እስከ በሩ ይሸት ስለነበር ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሚስቱ ዘንቢሏን እንደያዘች ደፍ ላይ ደርሳለች። አንዴ ሰውን፣ አንዴ ባሏን አየችና «የዛሬው ዳቦ አይሸጥም፤ ይቅርታ አድርጉልን» ብላ ሁሉንም በትሕትና ሸኝታ በሩን ዘጋች።

ከዚያ ትሪውን የቀባበትን ቆርቆሮ አንሥታ አፍንጫው ሥር አቀረበችለት።

«ምን ይሸትሃል?»

«ዘይት ነዋ።»

እጇን ጨብጣ ደግሞ አቀረበችለት። «ይኼስ?»

ትንሽ አሰበ። «ሽንኩርት?»

እጇን ዘረጋችው፤ ባዶ ነበር። እሷም የዱቄት ጆንያው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጉንፋኑ።»

«አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል» አለችው። «እኔ ዓይንህ ካልሆንኩ ምንህ ነኝ? ይኼን ሁሉ ጊዜ ብቻህን የተብሰለሰልከው ምን በድዬህ ነው?»

በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ስትናገር ሰምቷት አያውቅም። ያኔ ሁሉንም ዘረገፈላት፤ የእርሾውን ባልዲ፣ ሐኪሙን፣ የሚወለደውን ሕፃን ራስ። «የልጅ ልጄን ታቅፌ እንደ ግድግዳ ልቁም?» አለ። እሷ ተነሥታ ከመሳቢያው ልጃቸው ትታው የሄደችውን የጥፍር ቀለም አወጣችና የናፍታውን ቆርቆሮ ክዳን ደህና አድርጋ ቀይ ቀባችው። ሲደርቅላት «ከነገ ጀምሮ እኔ አሸትልሃለሁ» አለች።

በማግስቱ ሊጡ ላይ ጎንበስ ብላ ቀና አለች።

«እሺ?» አላት።

«ደህና ነው።»

«ደህና ማለት ምን ማለት ነው?»

«ሊጥ ሊጥ ይላል።»

ቆሽቱ አረረ። «ሊጥማ ሊጥ እንደሚል ምድጃውም ያውቃል፣ አንቺ ሴትዮ!»

አኮረፈችው። ቀኑን ሙሉ አላናገረችውም፤ ቢሆንም ከወትሮው ብዙም ስለማይለይ ልብ ያላት የለም። በበነጋው ግን መጥታ ሊጡን ደጋግማ አሸተተች፤ ዓይኗንም ጨፈነች።

«ታጥቦ ሳይደርቅ የታጠፈ ፎጣ ይሸታል» አለች።

ጋጋሪው ብድግ አለ። ገባው! ሊጡ ቀዝቅዟል፣ ውሃም በዝቶበታል፣ አልነቃም። ዱቄት ጨመረበት፣ ወደ ምድጃው አስጠግቶ ጠበቀው፤ ዳቦው አማረለት። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ተከፈተች። አንዱን ቀን «ነገር የበላው ሰው ትንፋሽ» ትለዋለች፤ እርሾው ከልክ በላይ መኮምጠጡ ነው። ሌላ ቀን «ዝናብ ሊጥል ሲል ያለ አቧራ» ትላለች፤ ያ ደግሞ ደግ ዱቄት ነው። አንድ አሮጌ ጆንያ ሲፈታ «የእናትህ ቁም ሳጥን» አለችውና እንባቸው እስኪወርድ አብረው ሳቁ። ጋጋሪው አፉን ከፍቶ ያያት ነበር። ይህች ሴት ይህን ሁሉ ዘመን እያንዳንዱን ነገር ስታስተውል ኖራለች፤ ለካ የሚጠይቃት ሰው ነበር ያጣችው። እንዲህ ያለች ሚስት ጎኑ አስቀምጦ ከባለታክሲ ጋር ወሬ ሲሰልቅ የኖረውን ራሱን ታዘበው።

ደግሞ ከቤት ስትመጣ ማርፈድ ጀመረች። «የት ቆየሽ?» ሲላት «እያሸተትኩ» ትለዋለች። አናጺው ደጅ የወደቀውን ፍቅፋቂ፣ አዲስ የተቀባውን የጎረቤት አጥር፣ ልብስ ሰፊዋ የምትተኩስበትን እንፋሎት፣ ሁሉን እየቆመች ታሸትና ቃል ትፈልግለታለች። ድሮ ስንት ዓመት መሬት መሬቱን እያየች ያለፈችበትን መንገድ አሁን እንደ አዲስ ሰፈር ነው የምታየው። ከሰዉም ጋር ቆማ ታወራ ጀመር። ባንኮኒው ላይ «እንዴት አደርሽ?» ላላት ሰው «ደህና» ካለች በኋላ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር መርቃ ትሰጠዋለች።

እሱም በበኩሉ ጆሮና ጣት እንዳለው ያወቀው ያኔ ነው። የዳቦውን ሆድ በጣቱ ኳ ኳ ያደርግና ድምፁን ያዳምጣል፤ ባዶ ሣጥን ሲያንኳኩት የሚሰጠውን ድምፅ ከሰጠው በስሏል። ዳቦው መደርደሪያ ላይ ሲቀዘቅዝ ቅርፊቱ ቀጭን፣ የሚንጣጣ ድምፅ ያሰማል። ዕድሜውን ሙሉ ሲጋግር ይህን ሰምቶት አያውቅም፤ ሁልጊዜ አፍንጫው ወደሚቀጥለው ትሪ ሲጎትተው ኖሯልና። አሁን ወንበር ስቦ ይቀመጥና ያዳምጠዋል። አንድ ማለዳ ሚስቱ ሊጡን አሽትታ «ብርቱካን ልጣጭ የጎደለው ይመስለኛል» ስትለው ሳያንገራግር ልጣጩን ፍቆ ጨመረበት። ያ ዳቦ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ባለታክሲው «ያን የእመቤቲቱን ዳቦ» እያለ ነው የሚጠይቀው። ነገሩን ካወቀ በኋላም ጋጋሪውን «ጋሽ አፍንጫ» ማለቱን አልተወም፤ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ይኸው ደገሰልህ» ይለው ነበር።

ጋጋሪው ይስማማል። ቤቱ ውስጥ ሳቅ ገብቷል፣ ሥራውን እንደ ገና ወዷል፣ ሚስቱን እንደ አዲስ አግኝቷታል። ተመስገን ሳይል የሚውልበት ቀን አልነበረም፤ ከልቡም ነበር የሚለው። ቢሆንም በየማለዳው ሚስቱ ሳትደርስ ባልዲው ላይ ጎንበስ ብሎ ይስባል። የሕፃኑ ነገር አልወጣለትም። ለልጃቸውም በዚህ ወቅት ሆዷ እንዳይባባ ብለው አልነገሯትም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ስልክ ተደወለ። ልጃቸው ሴት ልጅ ተገላግላለች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ባልና ሚስት ምድጃውን አጥፍተው እየሮጡ ሄዱ። ሐኪም ቤቱ ደርሰው ሚስቱ ቀድማ ስትገባ እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ነጭ የለበሱ ሰዎች ውሃና መድኃኒት እየጨመሩ ወለሉን ይወለውላሉ። ጎንበስ ብሎ ሳበ፤ ይህም እንኳ አልሸተተውም። እዚያው ቆሞ ቀረ። ሚስቱ ተመልሳ መጥታ እጁን ይዛ አስገባችው።

ልጃቸው ፊቷ ገርጥቷል፣ ዓይኗ ግን ይስቃል። የተጠቀለለችውን ሕፃን አንሥታ እጁ ላይ አኖረችለት።

«በል አባዬ፣ እንደ ምኞትህ አሽትታት!»

ጎንበስ አለ። አፍንጫውን አናቷ ላይ አሳርፎ በረጅሙ ሳበ። ምንም። እንደ ገና ሳበ። ስስ ፀጉሯ ኮረኮረው፤ ሙቀቷ ከንፈሩ ላይ ደረሰ፤ እርግብግቢቷ ትር ትር ስትል በአፍንጫው ጫፍ ተሰማው። ሽታ ግን የለም። ሲፈራው የከረመው ሰዓት ይኸው ነበር።

«እ፣ አባዬ? ምን ምን ትሸታለች?»

ሚስቱ አየችው። ነገሩን ልትሸፍንለት አፏን ስትከፍት በነጻው እጁ ክንዷን ያዝ አደረጋት።

«አይሸተኝም፣ ልጄ» አለ። «ያ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። እናትሽን ጠይቂያት፤ ያለ እሷ ዳቦም አልጋግርም፤ የኔ አፍንጫ እሷ ናት።»

ልጅቷ ሁለቱንም አፈራርቃ አየቻቸው። እናቷ ወደ ሕፃኗ ጎንበስ አለች። ጋጋሪው ጠበቀ። ለሊጡ ሁሉ፣ ለአቧራውና ለፎጣው ቃል ያላጣች ሴት ናት፤ ለዚችኛዋ ምን እንደምታመጣላት ለመስማት ትንፋሹን ዋጠ። እሷ ቀና ስትል ጉንጯ ረጥቧል።

«አንቺን» አለቻት ልጇን። «አንቺን አንቺን ትሸታለች። ልክ የተወለድሽ ዕለት እንደነበርሽው።»

ጋጋሪው ዓይኑን ጨፈነ። ያን ዕለት ከምድጃው ሥር ነበር ተጠርቶ የሮጠው፤ እጁም ልብሱም ዱቄት በዱቄት። አዋላጇ «በዚህ እጅህማ አትነካትም!» ብላ ተቆጣችው። መንካት ቢከለከል እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን አስግጎ ያቺን ትንሽ ራስ አሽትቷት ነበር፤ ሌላ ማድረግ የሚችለው ነገር ስላልነበረ ብዙ ቆይቶ፣ ጠግቦ። ያን ሽታ ማንም ሊገልጽለት አያስፈልገውም። የልጅ ልጁ አናት ላይ እንደ ገና ጎንበስ ሲል ከነሙቀቱ መጣለት።

«ደረሰኝ» አለ፤ እንባው የሕፃኗ መጠቅለያ ላይ ጠብ ጠብ እያለ። «ተመስገን። ደረሰኝ።»

«እንግዲያው ለእናቷ ስጣት» አለችው ሚስቱ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ርቧታል።»