ያልተቀመሰው ውሃ

ሙሉሃብትን የናቅሁት በሥልጠናው የመጀመሪያ ሳምንት ነው፤ እስከ ፈተናው ቀን ድረስም ንቀቴን የሚያጎድል ነገር አላደረገልኝም።

ለረዳት ነርስነት የምንፈተነው እኔና እሱ ነበርን፤ የሥራው ቦታ ግን አንድ ነው። እኔ ከወደቅሁ ወደ መንደሬ ገነተ ማርያም ተመልሼ፣ ፋሲካ እንዳለፈ አባቴ ቃል ለገባለት የኮን ከተማ በቅሎ ነጋዴ መዳሬ ነው። ሰውዬው የአባቴ እኩያ ነው። ሙሉሃብት ቢወድቅ ግን አጎቱ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ስለሆነ ሌላ ወንበር አያጣም። ስለዚህ እኔ ሳጠና እሱ ይጾማል።

ጾሙንም አገር እንዲያውቅለት ይፈልጋል። ዐቢይ ጾም ከገባ ጀምሮ ነጠላውን አፉ ላይ ጠምጥሞ፣ «ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ በከንፈሬ አያልፍም» ሲል ይውላል። እኔም እጾማለሁ፤ ለማንም አልነገርሁም እንጂ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፋሻ ላመጣ ዕቃ ቤት ብገባ፣ ጾመኛው ለተራቡ ሕፃናት የመጣውን የፋፋ ከረጢት ከፍቶ እየዘገነ ይቅማል። አገጩ ድረስ ዱቄት ሆኗል። ዓይኑን በጨው አጥቦ «እየቆጠርሁ ነው» አለኝ።

ለምን አላጋለጥሽውም ትሉኝ ይሆናል። በደርግ ጊዜ ማጋለጥ የነማን ሥራ እንደነበር የምታውቁ አትጠይቁኝም።

አሠልጣኛችን ጓድ የሻው፣ ፈተናው ተቅማጥ ለያዘው ልጅ የሚሰጠውን የጨውና የስኳር ውሃ መበጥበጥ እንደሆነ አስቀድሞ ነግሮናል። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ላይ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ማንኪያ ጨው ይገባል። ከዚያ ልጁ ሳይጠጣ በፊት የበጠበጠው ሰው ይቀምሰዋል፤ ጨውነቱ ከእንባ ከበለጠ ይደፋል። እኔ የነፍስ አባቴን መምሬ ገብረ ሊባኖስን አስፈቅጄ በየልምምዱ እቀምሳለሁ። ሙሉሃብት ኩባያውን ወደ አፉ ያስጠጋና ሳይነካው «ልክ ነው» ይላል። ጓድ የሻው በስብሰባ ላይ ሃይማኖትን ሲያጥላላ ይውላል፤ ጾመኛ ሲያይ ግን ይፈራል፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ከሁለቱ ማንኛው ይበልጥ እንደሚያስጠላ መምረጥ አቅቶኝ ነበር።

የፈተናው ቀን ጠዋት ፈታኟ ሲስተር ዘሀራ ከደሴ መጡ። ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው። መምሬ ገብረ ሊባኖስም በተቅማጥ የደከመ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ገቡ። እሳቸው የሙሉሃብትም የነፍስ አባት ናቸው።

ሙሉሃብት ቀድሞ ተጠራ። መምሬን ሲያይ ዓይኑን ከሳቸው ሳይነቅል ግማሽ የተባለውን ጨው ማንኪያውን ከምሮ ደጋግሞ ጨመረ። እኔም አየሁ፣ ሲስተርም አዩ።

«ቀመስኸው?» አሉት።

«ጾም ነው እኮ፣ ሲስተር። ዘጠኝ ሰዓት መች ሞላ» አለ፤ የሚናገረው ግን ለመምሬ ነበር።

መምሬ ልጁን ወደ ሌላው ክንዳቸው አዛወሩት። «የሕፃን ነፍስ ነው፣ ልጄ። ጥሩነሽ ጠይቃኝ ፈቅጄላታለሁ። አንተንም ይኸው ፈታሁህ፤ ቅመስ።»

መሸሻ አጣ፤ ተጎነጨ። ፊቱ ተኮማተረ። እዚህ ላይ «በዝቷል» ብሎ ቢደፋው ሌላ ይበጠብጥ ነበር፤ የሚቆጣውም አልነበረም። ሙሉሃብት ግን ተሳሳትሁ ከሚል ልጅ ቢመርዝ የሚቀለው ሰው ነው። ዋጠውና «ልክ ነው፣ ከእንባ አይበልጥም» ብሎ ኩባያውን ወደ ሕፃኑ አፍ አስጠጋው።

ሲስተር ዘሀራ እጁን ያዙት። «ልክ ከሆነ አንተው ጨርሰው። ለልጁ ሌላ ይበጠበጣል።»

እንባው በጉንጩ እየወረደ ጠጣ። ኩባያውን ሳይጨርስ ወደ በሩ ሮጠ፤ አልደረሰም። እመምሬ እግር ሥር፣ ከጨው ውሃው ጋር የዚያን ጠዋት ፋፋ ዘረገፈው። ያን ዱቄት የማያውቅ ሰው በላስታ አልነበረም። መምሬ የልጅ ልጃቸውን በክፉው ዓመት ያቆዩት በሱ ነው።

ወለሉን ብዙ አዩት። «እኔ የፈታሁህ መስሎኝ» አሉ። «ለካ ቀድመኸኛል።»

ተራዬ ሲደርስ እጄን ታጠብሁ፣ ለካሁ፣ በጠበጥሁ፣ ቀመስሁ። ልጁ ጠጣና ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅም አለ። ማለፌን ሲስተር እዚያው ነገሩኝ። ለአባቴም፣ የኮኑ ሰውዬ በቅሎዎቹን እየነዳ ሌላ ደጅ ይጥና ብዬ ላክሁበት። ያን ቀን ደስ ብሎኝ አለቀስሁ።

ለሙሉሃብት አትዘኑለት። ዓመት ሳይሞላው አጎቱ ወንበር አገኘለት፤ የእርዳታ ዱቄት አከፋፋይ ሆነ። በሚቀጥለው ዐቢይ ጾም ነጠላውን አፉ ላይ ጠምጥሞ፣ ለተሰለፉት እናቶች በትንሿ ጣሳ ሲሰፍር አየሁት።