ሁለተኛው ገመድ

«ብረት ነገር ካለሽ አውልቂና ግድግዳውን ተጠግተሽ ቁሚ» አላት ራጅ አንሺው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት።

ሰዓቷን ፈታች። ጉትቻዋን ለማውለቅ እጇን ስታነሳ ነው አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ ያየው።

«የኮምፒውተር ክፍሏ ልጅ ነሽ እንዴ? ታዲያ ዝም ብለሽ ልትነሺ ነበር?»

«ሥራዎን ሲጨርሱ እነግርዎታለሁ ብዬ ነው።»

ሳቀና ወንበሩን ለቀቀላት። «በይ ጉድሽን እይ። ስዕሉ ከዚህ ተነስቶ ሐኪሙ ጋ እስኪደርስ፣ የተሰበረው አጥንት ራሱ ገጥሞ ይሄዳል።»

የራጅ ስዕሎቹን ተቀብሎ ለሐኪሞቹ የሚያቀብለው ሰርቨር፣ ብቻዋን የተከለችው የመጀመሪያ ማሽን ነው። ባለፈው ሳምንት እንደ ጥይት ይሄድ ነበር፤ ከሰኞ ጀምሮ ኤሊ ሆነ። ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አስጠርተው፣ እስከ ምሳ ሰዓት ካልተስተካከለ ወደ ድሮው ፊልም እንደሚመለሱ፣ የእሷም የሙከራ ጊዜ በዚሁ እንደሚያበቃ ነገሯት። አልተቆጡም። ስለ ዝናብ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

ከራጅ ክፍል ወደ ሰርቨሩ አጫጭር የመፈተሻ መልእክቶች ላከች። አንዱ ቶሎ ይመለሳል፤ ቀጣዩ ይቆያል፤ አንዳንዱም በወጣበት ይቀራል። ወደ ምድር ቤት ወረደች። ሰርቨሩ ራሱ ሥራ እንደፈታ ሰው ተዝናንቶ ተቀምጧል፤ የደከመው ነገር የለም። እዚያው ቁጭ ብላ የሚገባውንና የሚወጣውን መመልከት ጀመረች። ጥያቄዎቹ እሷ ገመድ በሰካችበት የኔትዎርክ ካርድ በኩል ይገባሉ። መልሶቹ ግን በዚያ አይወጡም። በፊት በር የገባ እንግዳ በጓሮ ሲሸኝ የማየት ያህል ሆነባት።

ወደ ማሽኑ ጀርባ ዞረች። ሁለት ገመድ ተሰክቷል። እሷ የሰካችው አንድ ነበር።

ሁለተኛውን በእጇ እየዳሰሰች ተከተለችው። በግድግዳው ጥግ ሄዶ፣ በበሩ ሥር አልፎ፣ ዕቃ ክፍል ውስጥ ገመዶች የሚገናኙበት አቧራ የጠጣ አሮጌ ስዊች ላይ ያበቃል። የጥበቃዎቹ ካሜራዎች ሁሉ የሚያልፉት በዚሁ ነው። ስዕሎቹ በጠባቧ መንገድ ከካሜራዎቹ ጋር ሲጋፉ ነበር የሚውሉት። የገመዱ ጫፍ ላይ የቁስል ፕላስተር በጥንቃቄ ተጠቅልሏል። በዚህ ሆስፒታል ገመድ በቁስል ፕላስተር የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጋሼ። የኮምፒውተር ክፍሉ አንጋፋ ሠራተኛ፣ ገመድ መቁረጥ ያስተማራት፣ ሥራ አስኪያጁ «ጊዜው አልፎበታል» የሚሉት። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ሁልጊዜ፤ ባዶ የገመድ ቀዳዳ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። ለአዲሱ ገመድ አድራሻ ሲሰጥ፣ ሳያስተውል የሰርቨሩን መውጫ በዚያው በኩል አድርጎታል።

መንቀልና ዝም ማለት ትችል ነበር። «በራሱ ተስተካከለ» ማለት በዚህ ሙያ ነውር አይደለም። ግን በራሱ የሚስተካከል ማሽን በራሱ ይበላሻል፤ ይህን ሥራ አስኪያጁም ያውቃሉ።

መውጫውን ወደ መጀመሪያው ካርድ መለሰች፣ ሁለተኛውን ገመድ ነቀለች፣ ራጅ ክፍል ደወለች።

«አንድ ይላኩልኝ እስቲ።»

«ልኬ ሳልጨርስ ሐኪሙ አይቶ ጨረሰ!»

ስልኩን ስትዘጋ ጋሼ በሩ ላይ ቆሟል። ዓይኑ እጇ ላይ ያለው ገመድ ላይ አረፈ።

«ለምን ነቀልሽው? እሁድ መጥቼ ነው የሰካሁት። አንዱ ቢበጠስ ልጄ እንዳታፍር ብዬ።»

«አውቄያለሁ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«መልሱ ሁሉ በእሱ ሲወጣ ነበር።» «በካሜራዎቹ ስዊች።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ባዶ ካርቶን ስቦ ተቀመጠና ጉልበቱን ማሸት ጀመረ።

ስልኩ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ድምፃቸው ክፍሉ ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ተስተካከለ አሉኝ። ምን ሆኖ ነው?»

«ትርፍ ገመድ ተሰክቶ ነው።»

«ማን ሰካው? ብቻዬን ነው የሠራሁት አላልሽም?»

ወደ ጋሼ ዞረች። ሥራ አስኪያጁ ጥያቄያቸውን ደገሙ።

ጋሼ ከካርቶኑ ላይ ሳይነሳ እጁን ዘረጋ።

ስልኩን ሰጠችው።