ኮምፒዩተር መጠገን የማትችለው ልጄ

ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። በእኛ ሙያ የገዛ የስፌት መኪናውን ፈትቶ መግጠም የማይችል ሰው ሰፊ አይባልም። እንግዲህ ልጄ አራት ዓመት ኮምፒዩተር ተማርኩ ብላ የጎረቤቴን የባለፎቶኮፒውን ኮምፒዩተር ማስነሳት ሲያቅታት ምን ልበል?

እኔው ነኝ እጇን ይዤ የወሰድኳት። አየት አደረገችው፣ ነካካችው፣ «አባዬ፣ ይሄ የጠጋኝ ሥራ ነው፤ እኔ አልችልም» አለች። ባለፎቶኮፒው አንገቱን ደፍቶ ሳቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዓይነ ቁራኛ እጠብቃት ጀመር። ቤት ስትገባ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር አትነካም። እርሳስና ወረቀት ይዛ ክብ ትስላለች፣ ክቦቹን በመስመር ታያይዛለች፣ ትሰርዛለች፣ እንደገና ትስላለች። ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ትምህርት ነው? እናቷን ብጠይቃት «ፈተና ደርሶባት ነው» አለችኝ። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ልጅቷ ከትምህርቷ ተባርራለች፣ ሁለቱ ተማክረው ይደብቁኛል። እውነት ከሆነ ከነገ ጀምሮ ትምህርቱ ይቀርና ከእኔ ጋር መኪና ላይ ትቀመጣለች ብዬ ቆረጥኩ።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ እስከ ዩኒቨርሲቲው ተከተልኳት። በመስኮት አጮልቄ ሳይ ክፍሉ ውስጥ አንድም ኮምፒዩተር የለም። ልጄ ሰሌዳው ፊት ቆማ ያንኑ ክቧን ትስላለች። መምህሩ ሲወጣ ጠብቄ ያዝኩት።

«ይቺ ልጅ የእውነት ተማሪያችሁ ናት?»

«ከክፍሉ አንደኛዋ ናት። ምነው?»

«ኮምፒዩተር መጠገን አትችልም።»

«እኔም አልችልም» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። «እኛ የምናስተምረው አስቸጋሪ ሥራ በየት በኩል ቢሄዱበት እንደሚቀል ማሰብን ነው። እሱ ደግሞ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ነው የሚያልቀው። እርስዎ ምን ይሠራሉ?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ታዲያ ጨርቁን ሳይለኩ፣ ሳያሰምሩ መኪና ላይ ይቀመጣሉ?»

ዞር ስል ልጄ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ቦርሳዋን ከፍታ የተማሪ መታወቂያዋን አወጣችና «እንካ አባዬ፣ እየው» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ተይው ልጄ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን፣ አፈር ልብላ፣ ተቀብዬ ፎቶውን ከፊቷ ጋር አስተያየሁ። ጊዜው አለማለፉንም ገልብጬ አረጋገጥኩ።