አረንጓዴው ሻጋታ

የተማሪዋ የሁለት ዓመት ልፋት ተጠቃሎ ሲታይ፣ መዳፍ የሚያክሉ ስድስት የአሉሚኒየም ቅይጥ ቁራጮች ነበር። አራቱን ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ አረንጓዴ ፕላስቲክ ለብጣቸዋለች፤ ሁለቱ ለማነጻጸሪያ ራቁታቸውን ቀርተዋል። ልባጡ ተጭሮም እንኳ አሉሚኒየሙን ጨው እንዳይበላው እንደሚጠብቅ ካላሳየች ምረቃ የለም። አማካሪዋ "ቢላ አንሺና ጫሪው" ካሏት ወር አልፏል።

"ነገ" ትላለች። ቢላውን ታነሳለች፣ የልባጡን ልስላሴ ታያለች፣ ቢላውን መልሳ ታስቀምጣለች። እናቷ ሶፋውን ከነላስቲኩ አስር ዓመት ስላኖሩት ስትስቅባቸው የኖረችው ልጅ።

አንድ ጠዋት ስትገባ ቁራጮቹ ከመደርደሪያው የሉም። ሰው ሁሉ እትዬ የሚላቸው የላቦራቶሪው ጽዳት ሠራተኛ፣ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብለው በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይፈትጓቸዋል።

"እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ሻግተውብሽ ነዋ፣ ልጄ። ደህና የቆዩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሻጋታ ነው? እንደ ሐሜት፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም።"

አራቱም ድመት የቧጨራቸው መስለዋል። ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። በዚያው ቅጽበት አማካሪዋ ብቅ አሉና ቁራጮቹን አገላብጠው አዩ።

"ተመስገን፣ ጫርሻቸው። በይ ጨው ውስጥ ክተቻቸው።"

ቁራጮቹን ሰብስባ ከተተቻቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የጨው ውሃ እንደ ጭጋግ ከሚረጭበት የሙከራ ሳጥን ስታወጣቸው፣ ራቁቶቹ ነጭ ዱቄት አብቅለው ብል እንደበላው ጨርቅ ተበሳስተዋል። አረንጓዴዎቹ ግን ጭረታቸው ሳይቀር ያበራሉ።

የመመረቂያ ሥራዋ ፈታኝ ውጤቱን ወደዱት። ችግሩ ጥያቄያቸው ነበር።

"በምን ጫርሽው?"

መዋሸት ትችል ነበር። "በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ" አለች።

ፈታኙ መነጽራቸውን አወለቁ። "እንግዲያው በዚያው ሽቦ፣ በአዲስ ቁራጭ ይደገም። ያኔ እፈርማለሁ።"

አራት አዲስ ቁራጮች ለብጣ በቀጥታ ወደ እትዬ ሄደች። ነገሩንም ከሥር ከመሠረቱ አስረዳቻቸው፤ ስህተቷ እሱ ነበር። እትዬ ሽቦውን ያዙ፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ዳበስ ዳበስ አደረጉና ተዉት።

"እንደዚያን ቀን ይፈትጉት እንጂ፣ እትዬ።"

"ያን ቀንማ ሻጋታ ነበር። የሁለት ዓመት ልፋትሽ መሆኑን ነግረሽኝ እጄ እንዴት ይጨክን?"

ሽቦውን ተቀበለቻቸው። እጅጌዋን ሰብስባ፣ ጥርሷን ነክሳ ትፈትግ ጀመር።

"ቀስ በይ እንጂ" አሉ እትዬ፣ ፊታቸውን አዙረው። "ያሳዝናል።"