የኮሰረቱ ጀሪካን

1.

አታጠጡት።

2.

ይህን በትልቁ ጽፌ የበረንዳው በር ላይ የለጠፍኩት ባለቤቴ ስንቅነሽ ከተቀበረች በአሥራ አንደኛው ቀን ነው።

ዘግይቻለሁ።

3.

በረንዳው ላይ ያሉ፣ እሷ የተከለቻቸው፦

በሶብላ፦ በቀለም ባልዲ።
ጤና አዳም፦ ቂጡ በተበሳ አሮጌ ድስት።
የጥብስ ቅጠል፦ በወተት ዱቄት ጣሳ።
ኮሰረት፦ ጎኑ ተቆርጦ በተጋደመ የዘይት ጀሪካን። ከእናቷ ጓሮ፣ ከጉመር፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ያመጣችው ነው። ዛሬ እናቷም የሉ፣ ጓሮውም የለ።

4.

ለቅሶ የመጣ ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም። አንዱ ወንበር ይደረድራል፣ አንዷ ሳህን ታጥባለች። በረንዳ የወጣው ሁሉ ደግሞ «የስንቅነሽ አደራ» ይልና ጆግ ያነሳል።

አይቻለሁ። አላስቆምኳቸውም።

እሷን የሚያጠጡ መሰለኝ።

5.

እትዬ ጥሩወርቅ (ከታችኛው ፎቅ)፦ ጋሽ ደምሰው፣ ኮሰረቱ ጠቁሯል እኮ!

እኔ፦ ሐዘን ላይ ነው።

እሳቸው፦ ሐዘን ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት። እሱ ሰምጧል። ስንት ሰው ነው ያጠጣው?

እኔ፦ እርስዎን ጨምሮ?

እሳቸው፦ እኔማ አንዴ ነው!

(ጆጉን አየሁት።)

እሳቸው፦ ሁለቴ።

እኔ፦ የሌሎቹ ቂጥ ተበስቷል። ይሄ ግን ቀዳዳ የለውም።

እሳቸው፦ ሃያ ዓመት አብረው ኖረው? ውሃ ሲበዛበት ክዳኑን ትከፍተው ነበር፣ ይኸው ከጥጉ። የታጠበ ልብሴ ላይ ስታፈስብኝ ስንቴ ተጣልተናል!

6.

ክዳኑን ከፈትኩት።

ጥቁር ውሃ ወረደ። ታች ገመድ ላይ የእትዬ ጥሩወርቅ ነጠላ ተሰጥቶ ነበር። አዩት።

አልጮኹም።

ከቀብሩ ወዲህ መጀመሪያ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

7.

እናንተም ቢደርስባችሁ፦

ሥሩ የበሰበሰ ኮሰረት አይመለስም። ያልጠቆረ ቅርንጫፍ ፈልጉ። (ሦስት አገኘሁ።) ከአንጓው ሥር ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አርግፉ። በተበሳ ጣሳ ትከሉት፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። አትነካኩት።

እነካካለሁ።

8.

እዚህ ቁጥር ላይ ስለ ሳቋ ልጽፍ ነበር። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት። ስለዚህ ይህን ብቻ ያዙልኝ፦ ኮሰረቱን ከመቀንጠሷ በፊት «ትንሽ ነው የምወስደው፣ እሺ?» ትለዋለች። የእኔን ሻይ ስትጠጣብኝ ግን አንድ ቀን አስፈቅዳ አታውቅም።

9.

ከተከልኳቸው አምስተኛ ቀን፦ ሦስቱም ቆመዋል።

ዘጠነኛ ቀን፦ አንዷ ጠወለገች።

አሥራ አራተኛ ቀን፦ ሁለተኛዋም።

ሃያኛ ቀን፦ እትዬ ጥሩወርቅ የቀረችውን ሊያዩ መጡ። ጣሳው ላይ ሁለታችንም አጎነበስን።

«ይቺ ጫፏ ላይ ያለችው አዲስ ናት ወይስ የድሮዋ ቅጠል?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አይቼ! መነጽርዎን ያምጡ።»

ገባሁ። መነጽሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አነሳሁት። በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩት። ንጹሕ ነበር፤ ደግሜ ጠረግኩት።

«ጋሽ ደምሰው!» ብለው ተጣሩ ከበረንዳው።

10.

(አይቼ እጽፈዋለሁ።)