ከታንከሩ ሥር

«እማዬ፣ በማርያም ተነሽ! ሰውየው እኮ ሥራ ላይ ነው!»

እማማ ፓራስካ አልተነሱም። የወጥ ቤቱን ወንበር ይዘው ወጥተው፣ በአራት የብረት እግር ላይ ከቆመው የነዳጅ ታንከር ሥር አስቀምጠው፣ የክት ሻርፓቸውን አገጫቸው ሥር አስረው ቁጭ ብለዋል። ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው። የኤክስካቫተሩ ጥርስ ከጉልበታቸው ሦስት እርምጃ ቢርቅ ነው።

ልጃቸው ኦሬስት አፈረ። ስልሳ ዓመት ሞልቶትም በእናቱ ያፍራል እንግዲህ። ወደ ማሽኑ ዞሮ እጁን ሲያወዛውዝ ጋርኔት ሞተሩን አጠፋ። ጋርኔት አሮጌ የእርሻ ታንከር ለመንቀል ፈቃድ ያለው ሰው ነው፤ በዚህ በሳስካችዋን የስንዴ ሜዳ ስንት ግቢ እንዳፈረሰ እሱ ይቁጠረው።

«የቀይ ሥር ሾርባቸውን፣ ቦርሽ ጥደው ይሆን እንዴ? ምሳ ሳትበላ አትቆፍርም ማለታቸው ነው?» አለ ከላይ ሆኖ፣ ነገሩን በቀልድ ሊያለዝብ።

«አንተ ዝም በል!» አሉት።

መሬቱ ተሸጧል፤ ማለት አንድ ወረቀት ቀርቶታል። የኦሬስት አያት ከድሮ አገራቸው ከጋሊሺያ ባሕር ተሻግረው መጥተው አሥር ዶላር ከፍለው የያዙት መሬት ነው። አሁን የኦሬስት ጉልበት አልቋል፣ ልጆቹም ከተማ ገብተው ቀርተዋል። ገዢው በሁሉም ተስማምቶ ታንከሩ ላይ ድርቅ አለ። አርጅቶ ያፈሳል። ደንቡ ደግሞ እንዲህ ያለ ታንከር ይነቀል፣ ነዳጅ የጠጣው አፈር ተዝቆ ቆሻሻ መጣያ ይወሰድ ይላል። ይህ መደረጉን የሚያረጋግጠው ወረቀት ዛሬ ካልተፈረመ ገዢው ሌላ መሬት ያያል።

«ስንት ቀን ተነጋገርንበት እማዬ? እሺ ብለሽኝ አልነበረም?»

«ታንከሩን ውሰዱት። አፈሩን ግን አትነኩም።»

«የተበላሸው አፈሩ ነው እኮ!»

«አልኩህ እንግዲህ።»

እርጅና ነው አለ ኦሬስት በልቡ። ደግሞ ይህ ታንከር ድሮም እናቱን አንዳች ነገር ያደርጋቸው ነበር። በየዓመቱ በዳግም ትንሣኤ፣ በድሮ አገራቸው ልማድ ሰው ሁሉ ቀይ እንቁላል ይዞ ወደ ሙታኑ መቃብር ሲሄድ፣ እሳቸው አንዷን አስቀርተው ከታንከሩ ሥር ያኖሩ ነበር። ለምን ሲባሉ «ነዳጁ እንዲበረክት ነው» ይላሉ፤ ቤተሰቡም ይስቅ ነበር። አባቱ ፕሮኪፕም ነፍሳቸውን ይማርና ያው ነበሩ። ጎተራው ዘሞ ሊወድቅ ደርሶ ቀለም አላየም፤ ታንከሩን ግን ጸደይ በመጣ ቁጥር ብርማ ቀለም ይቀቡታል። አንድ ቀን ኦሬስት፣ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነው፣ ከሥሩ በማንኪያ አፈር ሲጭር አገኙትና በጥፊ አጮሉት። በዕድሜው አባቱ የመቱት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፕሮኪፕ ለሕግ ሟች ነበሩ። ለገበሬ ያለ ቀረጥ የሚሸጠው ነዳጅ እንዳይሰረቅ ወይን ጠጅ ቀለም ይገባበታል፤ ከእርሻ ሥራ ውጭ ክልክል ነው። ጎረቤቱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ የቤት መኪናውን ይሞላበታል። ፕሮኪፕ አንዲት ጠብታ ከግቢው በር አላስወጡም። ሲስቁባቸው «ሕግ ነዋ!» ነበር መልሳቸው።

ኦሬስት ከወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ጉልበቱ ጮኸ።

«እሺ ንገሪኝ። እዚህ ምን አለ?»

«እህትህ።»

«እኔ ምን እህት አለኝ?»

«አለችህ። ታላቅህ ናት፤ በሦስት ዓመት ትበልጥሃለች።»

ኦሬስት እናቱን ዓይን ዓይናቸውን አያቸው። ዓይናቸው የቃዠ ሰው ዓይን አልነበረም።

«ጥር ነበር» አሉ። «በረዶ መንገዱን ዘግቶት አዋላጅም ቄስም አልደረሰልን። ሁለት ቀን ኖረች። ከዚያ ጡት አልይዝ አለች። ስትሞት አባትህ በረዶውን በፈረስ ጥሶ ቄሱ ዘንድ ሄደ። ቄሱ የድሮ አገር ሰው ነበሩ፤ ክርስትና ያልተነሳ ልጅ ከክርስቲያን መቃብር አይገባም አሉ።»

«አልለመናቸውም?»

«አባትህ? ሕግ ነዋ ብሎ ተመለሰ።» እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሻሹ። «በጭንቅ ጊዜ ማንም ክርስቲያን ማጥመቅ እንደሚችል የሰማሁት ኋላ ነው፣ አንተ ተወልደህ። ውሃው እኮ ምድጃው ላይ ነበር ልጄ። ለብ ብሎ እጄ ላይ ነበር።»

ኦሬስት ዓይኑን ከወንበሩ ሥር ወዳለው አፈር መለሰ።

«መሬቱ ድንጋይ ሆኖ አካፋ አላስገባ አለ። ሁለት ቀን ገለባ አነደደበት። ሲለሰልስ በፖም ሳጥን አድርጎ ቀበራት። በጸደይ ይህን ታንከር አምጥቶ ከላይዋ አቆመ። ‘ነዳጅ ሥር ማንም አያርስም፣ ማንም እሳት አያነድም፣ ከብትም አይረግጣትም’ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስልሳ ሦስት ዓመት የነካት የለም።» በከዘራቸው አፈሩን መታ አደረጉ። «ይኸው፣ ጠባቂ ብሎ ያቆመው ራሱ ፈሰሰባት!»

ያኔ አለቀሱ። ኦሬስት እናቱ በአባቱ ቀብር ቀን እንኳ እንዲህ ሲያለቅሱ አላየም።

ጋርኔት ከማሽኑ ወርዶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«አጥንት ካየሁ አቁሜ ፖሊስ መጥራት ግዴታዬ ነው፤ እሱም ደንብ ነው። ያኔ ሽያጩም ይቆማል፣ ልጅቷንም ለምርመራ ይወስዷታል።» ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። «ግን ይህ ማሽን ጆሮዬን በልቶታል፤ ምንም አልሰማሁም። ከተማ ምሳዬን በልቼ እመጣለሁ። እኔ ደግሞ ስበላ ቀስ ብዬ ነው የማላምጠው፣ እማማ።»

«ፈጣሪ ይስጥህ» አሉት።

የጋርኔት መኪና አቧራውን አስነስቶ እስኪጠፋ ጠበቁ። ኦሬስት አካፋ አመጣ። እናቱ በከዘራቸው ጫፍ ምልክት አደረጉለት፤ አላመነቱም። መሬቱ ላይ ላዩን ደረቅ ነው፤ ወረድ ሲል ጠቆረ፣ ተጣበቀ፣ ሽታው ዓይን የሚያስለቅስ ሆነ። ጉልበቱ ድረስ ሲገባ አካፋውን ትቶ በእጁ መዛቅ ጀመረ። ሳጥን የለም። የዛጉ ምስማሮች ብቻ ናቸው፣ በአራት ማዕዘን ተሰልፈው የቀሩ። በመካከላቸው ያለው አፈር ትንሽ ቡናማ ነው። ከእሱ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ። የዛጎል የልብስ ቁልፍ ነበር፤ በጣቱ ጠርጎ ለእናቱ አቀበላቸው።

እማማ ፓራስካ ወደ ብርሃን አስጠጉት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«የአባትህ የሠርግ ሸሚዝ ቁልፍ ነው» አሉ። «ሸሚዙ የት ገባ ብዬ ስጠይቀው ከልብስ ማስጫው ነፋስ ወሰደው አለኝ። ለካ እሷን ጠቅልሎበታል። አይ ፕሮኪፕ! እሱም ይዋሻል ለካ።»

በምስማሮቹ መካከል ያለውን አፈር ኦሬስት እፍኝ በእፍኝ አነሳው። እናቱ በየፋሲካው እንቁላል የሚይዙበትን፣ የተጠለፈ ጨርቅ የለበሰውን ቅርጫት ከቤት አምጥተው ጉድጓዱ አፍ ላይ ይዘውለታል። ሞላ። ከዚያ የሚፈራው ጥያቄ መጣ።

«ይሸታል?»

ነዳጁ አፍንጫውን ሞልቶታል፤ ምላሱ ላይ ይቀምሰዋል።

«የለም እማዬ። አፈር አፈር ነው የሚለው።»

ጎንበስ ብለው አንድ ቁንጥር አነሱና አሸተቱ። ፊታቸው አልተለወጠም።

«አዎ» አሉ። «አፈር ነው።»

ጨርቁን ከላዩ አጣጠፉት። ኦሬስት ከጉድጓዱ ወጣ። የቀረውን ጋርኔት ይዛቀው፤ ወረቀቱም ይፈረም። እናቱን ደግፎ መኪናው ውስጥ አስገባቸው፤ ቅርጫቱን ጭናቸው ላይ አደረገላቸው። በሩን ሳይዘጋ ቆመ፣ ስልኩን አወጣ።

«ከአባቴ ጎን ነው የምናደርጋት። አዲሱ ቄስ ወጣት ነው፣ እምቢ አይልም። ደውዬ ልጠይቀው?»

እማማ ፓራስካ ቅርጫቱን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አንዴ ጠይቀን ነበር» አሉ። «ይበቃናል።»

ኦሬስት ስልኩን ኪሱ ከተተ። ተመልሶ ሄዶ አካፋውን አነሳና መኪናው ኋላ ጫነው።