ግቢው ጽዱ ይሁን

ምክትል ሚኒስትሩ ስለ ሆቴሉ ትራስ እንደገና ደወሉ።

«ለስለስ ያለ ይሁን ብዬሽ አልነበር? ባለፈው አንገቴን ይዞኝ ነው የተመለስኩት።»

«ነግሬያቸዋለሁ ክቡርነትዎ።»

«መኪናውስ ጥቁር ነው?»

«ጥቁር ነው።»

«ነጭ እንዳይልኩብኝ። ነጭ የታክሲ ነው።»

ስልኩን ዘጋችና ወደ መስኮቱ ዞራ የልቧን ተሳደበች። መስኮቱ የሚያየው የመኪና ማቆሚያውን ስለነበር ስድቡን የሰማ የለም። መሥሪያ ቤቱ «እመት ጉዞ» ይላታል። ባለሥልጣን ወደ ውጭ በሄደ ቁጥር ትኬቱን የምታስቆርጠው፣ ሆቴሉን የምትይዘው፣ ማን አውሮፕላን ማረፊያ ወጥቶ እንደሚቀበል፣ ማን ከማን ጎን ምሳ እንደሚበላ የምታሰናዳው እሷ ናት፤ ውጭ አገር የሞተ ሰው ሬሳ ሲመጣም እሷው ናት። እሷ ራሷ ግን አውሮፕላን የምታውቀው ከታች አንጋጣ ነው። ባልደረቦቿ ይህን ቀልድ ሲደጋግሙት አብራ ትስቅ ነበር፤ ሰሞኑን ግን ሳቁ ከየት ይምጣ።

የአሁኑ ጉዞ ባሕር ማዶ ያለውን ኤምባሲ ለመጎብኘት ነው። በዚያው ኤምባሲ ግቢ፣ ከኋላ በኩል ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ ታናሽ እህቷ ካርቶን አንጥፋ ትተኛለች።

ቤተሰቡ ሚጢ ነው የሚላት። ሰው አገር፣ ሰው ቤት ልትሠራ ሄደች። አሠሪዋ ሸሚዝ አሳረርሽብኝ ብላ የጋለ ካውያ እጇ ላይ አሳረፈችባት። በነጠላ ጫማ አምልጣ ኤምባሲው በር ላይ ስትደርስ ፓስፖርቷ አሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። እንደ እሷ ያመለጡ ሴቶች መጋዘኑን ሞልተውታል። አገራቸው ለመግባት የጎደላቸው ፎቶ የተለጠፈባትና ማኅተም ያረፈባት አንዲት የይለፍ ወረቀት ናት። ኤምባሲው ግን ዛሬ ነገ እያለ ያንከራትታቸዋል። እናታቸው ደግሞ እመት ጉዞ ከሥራ በገባች ቁጥር፣ «ስንቱን ሰው ትልኪያለሽ፤ እሷን አንድ ልጅ ማምጣት ነው ያቃተሽ?» ትላታለች። ለእናት ምን ይመለሳል? ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታወልቃለች።

የትራሱ ንዴት ሳይበርድላት ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሚጢ ናት፤ በጓደኛዋ ስልክ።

«እቴቴ፣ ሊወስዱን ነው።»

«ማን? ወዴት?»

«ለላከን ኤጀንሲ ሊያስረክቡን ነው፤ እሱ ደግሞ ወደየአሠሪዎቻችን ይመልሰናል። ሐሙስ ከሰዓት አውቶቡስ ይመጣል ብለውናል። ዓርብ ትልቅ ሰው ስለሚመጣ እናንተ እዚህ መታየት የለባችሁም አሉን። እኛ ውስጥ እያለን መጋዘኑን ቀለም እየቀቡት ነው፤ ሽታው ራሴን አዞረኝ።»

«ቆይ፣ ቆይ። ትልቅ ሰው የሚሉት…»

«እኔ ምን አውቄ። እቴቴ፣ እዚያ ቤት ከምመለስ ከፎቅ ብወድቅ ይሻለኛል።»

«አፍሽን ያዥ! እንዲህ አይባልም!» ብላ ጮኸችባት፤ ወዲያው ደግሞ መጮኋ ቆጫት። መስመሩ ግን ተቋርጦ ነበር።

ትልቁ ሰውዬ የእሷው ሰውዬ ነው። ትራስ የምትመርጥለት፣ መኪና የምታማርጥለት። እሷ ላይ ታች የምትልለት ጉብኝት የገዛ እህቷን ሊያስጥላት ነው። ደሟ ፈላ። ወዲያው ለኤምባሲው የአስተዳደር ኃላፊ ደወለች።

«እነዚያን ሴቶች ወዴት ነው የምትወስዷቸው?»

«ስሚ እህቴ፣ በእኔ ምን ያስቆጣሻል?» አለ ሰውዬው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ራስሽ አይደለሽ የጻፍሽልን? ‹ግቢው ጽዱና ከባለጉዳይ ነፃ ይሁን› ይላል ደብዳቤሽ። ባለጉዳይ ናቸው፤ ነፃ እያደረግን ነው።»

ጽፋለች። በየጉዞው ትጽፈዋለች። ከእሷ በፊት የነበረው ሰውዬ ያወረሳትን ያንን መስመር፣ ሰው እንደምን አደርክ ብሎ እንደሚያልፈው ሳታስበው ነው የምትገለብጠው። መጥረጊያና አበባ እንጂ አውቶቡስ ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም። የተቀመጠችበት ወንበር ቢውጣት በወደደች።

«በስህተት ነው የገባው። ይሰረዝ።»

«ክቡርነታቸው ይሰርዙት እንጂ፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

እውነቱን ነው፤ ምን ቤት ናት? ተነሥታ ክቡርነታቸው ቢሮ ድረስ ወጣች። ጸሐፊዋን አልፋ ገባች። ምክትል ሚኒስትሩ መስተዋት ፊት ቆመው ሁለት ከረባት እያስተያዩ ነበር።

«ክቡርነትዎ፣ ስለ ኤምባሲው አንድ የማስረዳዎት ነገር አለ። እዚያ የተጠለሉ…»

እጃቸውን አነሡ። «ዝርዝር አታምጪብኝ። ሁሉም ሰው ከመሄዴ በፊት ጆሮዬን ሊሞላው ይፈልጋል። እኔ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ። ይልቅ ይኼኛው ነው ይኼኛው?»

«ሰማያዊው» አለችና ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

ደረጃውን ስትወርድ ግን ያ «በዓይኔ አያለሁ» የሚለው ቃል ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ይሁን፤ በዓይናቸው ይዩ! ዓርብ ቢደርሱ የሚያዩት ቀለምና አበባ ነው። ሐሙስ ጠዋት ቢደርሱ ግን ሴቶቹ ከነካርቶናቸው እዚያው ናቸው። ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠችና በረራዎቹን አየች። ከዚያ ደወለች።

«ክቡርነትዎ፣ የዓርቡ አውሮፕላን ጢም ብሏል። የሐሙሱ ግን ፊተኛው ረድፍ ባዶ ነው፤ ጎንዎ የሚቀመጥ የለም።»

«ምን ትጠብቂያለሽ ታዲያ? እሱን አድርጊልኝ!»

አደረገችላቸው። በረራ ሲቀየር ለኤምባሲው ወዲያው ማሳወቅ የሥራዋ ሀሁ ነው፤ መኪናው፣ ተቀባዩ፣ የአበባ እቅፉ ሁሉ በዚያ ይታዘዛል። አላሳወቀችም። በኋላ ረሳች ይሏታል። ይበሉ።

ሐሙስ ጠዋት ምክትል ሚኒስትሩ ከአውሮፕላን ማረፊያው ደወሉ። እንዲህ ሲሆኑ ሰምታቸው አታውቅም።

«መኪናው የታለ? ሰው የታለ? እንደ ተራ መንገደኛ ሻንጣዬን ራሴ ከቀበቶው ላይ አነሣሁ እኮ!»

«ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ መልእክት አልደረሳቸውም። ታክሲ ይያዙ፤ የኤምባሲውን አድራሻ እኔ ለሹፌሩ እነግረዋለሁ።»

«ታክሲ?»

«ነጭ ነው የሚሆነው» አለች። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ደስታ ካገኘች እሱ ነበር።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ብዕር አንሥታ መልሳ አስቀመጠች፤ ትኩሱን ሻይ ረስታ አቀዘቀዘችው። አሁን ከታክሲው ወርደዋል፤ አሁን ካርቶኑን አይተዋል፤ አሁን አምባሳደሩን አፋጥጠውታል። እኒህ ሰው ክፉ አይደሉም፤ ያላዩት ነገር ስላለ ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ስልኩ ሲጮኽ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣችው።

«እንግዲህ ጎበኘሁት» አሉ። የጠዋቱ ቁጣ ከድምፃቸው ጠፍቷል፤ ማንኪያ ሲኒ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። «አምባሳደሩ ደንግጦ የሚገባበት ጠፍቶት ነበር። ሳይታሰቡ ከች እንደማለት ያለ ነገር የለም። ሁሉን በዓይኔ አየሁ።»

ከወንበሯ ብድግ አለች። «አዩዋቸው?»

«አየኋቸው እንጂ! ግቢው በሴት ተሞልቶ። አንዷማ በር ላይ ተቀብላኝ ሻንጣዬን ተሸክማ ደረጃውን ወጣችልኝ። እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ተይው ብላት እምቢ አለች። ጨዋ ልጅ ናት። ግን እስቲ አስቢው፣ ለአንድ ኤምባሲ ይህ ሁሉ ጽዳት ሠራተኛ! አምባሳደሩን ቀንስ አልኩት። ለካ አስቦበት ኖሯል፤ ለከሰዓት አውቶቡስ አዝዣለሁ አለኝ። ከሰዓት ድረስ ምን ይጠበቃል፣ አሁኑኑ ጥራው አልኩ። ይኸው እየተሳፈሩ ነው።»

ሚጢ ሻንጣውን ለምን እንደተሸከመች ገባት፤ የሚረዳን ሰው መጣ ብላ፣ በዚያ በተቃጠለ እጇ።

«ጽዳት ሠራተኛ አይደሉም!» ጩኸቷ ኮሪደሩን አለፈ። ከጎን ክፍል ፎቶ ኮፒ የሚያነሣው ሰውዬ ወረቀቱን እንደያዘ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ምን አልሽ?»

«የሚያድናቸው አጥተው እዚያ የተጠለሉ የአገርዎ ልጆች ናቸው! ሻንጣዎን የተሸከመችልዎት እህቴ ናት! በካውያ የጠበሷት እህቴ! ላስረዳዎት ስመጣ ዝርዝር አታምጪብኝ አሉኝ። በዓይኔ አያለሁ አሉኝ። ምኑን ነው ያዩት?»

«ለማን እንደምትናገሪ አውቀሻል?»

«አሳምሬ አውቃለሁ! ትራስ ሻከረኝ ለሚል ሰው ነው የምናገረው! ሲመለሱ ያባርሩኝ። አሁን ግን ይነሡ፤ ወርደው አውቶቡሱ ፊት ይቁሙ። ያ አውቶቡስ ከበር ከወጣ እነዚያው ሰዎች እጅ ነው የሚገቡት። ከዚያ በኋላ የሚመጣልን ሬሳ ነው፤ የሬሳውንም ጉዞ የማሰናዳው እኔው ነኝ። ስንቱን አሰናድቻለሁ!»

ማንኪያው ዝም አለ። ዘጉብኝ ብላ ስታስብ ወንበር ሲገፋ፣ ከዚያ ጫማ ደረጃ ላይ ሲወርድ ሰማች። ቁና ቁና ሲተነፍሱ በስልኩ ይሰማል። ሞተር እየቀረበ መጣ።

«አቁም! አቁም አንተ! አጥፋው ብዬሃለሁ!»

ሞተሩ ጠፋ። የሴቶች ድምፅ ተንጫጫ፤ አንዷ ታለቅሳለች።

«ስሟ ማን ነው?» አሉ ምክትል ሚኒስትሩ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

ሚጢ ልትል ነበር። የትምህርት ቤት ስሟን ከነአባቷ ነገረቻቸው፤ ድምፅዋ ስለተሰበረ መድገም ነበረባት። ሰውዬው አውቶቡሱ በር ላይ ቆመው ሲጣሩ ሰማች። ከኋላ ወንበር አካባቢ፣ ቀጭን፣ የፈራ፣ «አቤት» የሚል ድምፅ መጣ። እመት ጉዞ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«አገኘኋት» አሉ ወደ ስልኩ ተመልሰው። «ትውረድ ብያለሁ፤ ወረቀቷም ዛሬውኑ ይሠራላታል። በቃ? ደስ አለሽ?»

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ንዴቷ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

«አልበቃም» አለች። «አጠገቧ የተቀመጠችውን ማን እንደምትባል ይጠይቋት።»